«ደህና ነው» ብዬ ያጣሁት ጥርስ

ሐኪም ፊት ተቀምጠው እያመማቸው «አያምም» የሚሉ ሰዎች አሉ። አንዷ እኔ ነኝ፤ የምጽፈውም ለእነሱ ነው። የጥርስ ሕመም ታሪክ ለማንበብ እንደማያጓጓ አውቃለሁ። ነገር ግን ከአራት የተበላሹ ጥርሶቼ አንዱን ያጣሁት በበሽታ ሳይሆን በይሉኝታ ነው። ሌላ ሰው በዚሁ መንገድ እንዳያጣ፣ የሚያሳፍረኝንም ሳልደብቅ እንደሆነው አስቀምጠዋለሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ባሕር ዳር በተመደብሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። የምኖረው ሹም አቦ ሰፈር፣ አጎቴ ቤት ነው። አጎቴ ጋሼ ይሁኔ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የመንግሥት የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። አባቴ ሲሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። ከቁንዝላ በጀልባ አሻግረው አምጥተው፣ ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳድገው ለዲግሪ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው። በዚያ ቤት «እምቢ» ብዬ አላውቅም። የሚያስብለኝ ነገርም አልነበረም።

መጀመሪያ በቀኝ በኩል ከታች፣ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ብቻ ይጠዘጥዘኝ ነበር። ቆይቶ ትኩሱም ይነካኝ ጀመር። ክሊኒክ ሄድሁ። ድሬሰሩ እጄን ጉንጬ ላይ ሲያይ ጊዜ አፌን ሳያስከፍት ጆሮዬን በመብራት ተመለከተና ጆሮ ነው አለ። ጥርሴ ነው ልለው ስል መጻፍ ጀምሮ ነበር፤ የጀመረውን ማስጣል ነውር መሰለኝ። ለማያመኝ ጆሮ አምስት ቀን ፔኒሲሊን ተወጋሁ። ሁለተኛው ክሊኒክ የፊት ነርቭ ነው ብሎ ቫይታሚን ሰጠኝ። የዋጥሁትን ቆጥሬ ስጨርስ ጥዝጣዜው መንጋጋዬን አልፎ እስከ አንገቴ ወርዷል።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ይሁኔ ከመስክ ገብተው፣ ምሳ ትቼ ጥግ መቀመጤን አዩ። ምን እንደሆንሁ ባለቤታቸውን ጠይቀው ሲያበቁ ወጥተው ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ይዘው ተመለሱ። ከመኪናቸው ባትሪ በመርፌ የቀዱት ውሃ ነው። በዚያ ጊዜ ሾፌሮች ጥርስ ሲያማቸው ይህን በጥጥ ነክረው ይነክሱ ነበር። አጎቴም በዚህ የታወቁ ነበሩ፤ ከሰፈር ሰው እየመጣ ያስደርግ ነበር።

ውሃው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰልፈሪክ አሲድ ነው። በዚያው ሳምንት ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች አሲዱ ሲነካው ስኳር እንዴት እንደሚከስል አሳይቼ ነበር። የባትሪው የቀጠነ ቢሆንም ብረት የሚበላ ውሃ ጥርስን እንደማይምር ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አሲድ ነው» አልሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አሲድ ነዋ!» ብለው ሳቁ። «ትሉን ምን የሚገድለው መሰለሽ፣ ጠበል? ሃያ ዓመት መሪ ስይዝ ስንቱን ሾፌር ከጉጠት አድኛለሁ። አንቺንስ ያሳደግሁሽ በዚህ እጄ አይደል? ዛሬ ተምረሽ መጣሽና እጄን ፈራሽው?»

ሚስታቸውና ልጆቻቸው ያዩኛል። አፌን ከፈትሁ።

ሲነካኝ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ከዚያ ግን ደነዘዘ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ሌሊት ተኛሁ። እንቅልፉ አታለለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመለስብኝ አጎቴ ደገሙልኝ፤ ከዚያም ሠለሱ። ጥጡን ስነክሰው ውሃው እየተጨመቀ ወደ ፊት ወደሚገኙትም ጥርሶች ይፈስ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ድዴ ነጭ ሆኖ ተገሸለጠ። የጥርሶቼን ላይ በምላሴ ስዳስሰው እንደ አሸዋ ወረቀት ሻከረኝ። ለስላሳውና ጠንካራው ሽፋን አልቆ ውስጡ ተጋልጧል። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት መንጋጋዎችና ከፊታቸው ያሉት ሁለት ጥርሶች ቡናማ ሆኑ፤ ጫፋቸውም ዳቦ ስነክስ እየተፈረፈረ መጣ። ለአጎቴ አሳየኋቸው። በሽታው ቀድሞ ውስጥ ውስጡን በልቶት ነው አሉ። አዎ አልሁ።

ከዚያ በኋላ ስናገር መዳፌን አፌ ላይ ማድረግ ለመድሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸር መዳፍ» ብለው ሰየሙኝ። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላዬ አንዱ አፉን ይዞ «ሃይድሮጅን» ይላል እንደ እኔ አፍኖ፤ ክፍሉ ይስቃል። ዞሬ አልቆጣም፤ ለመቆጣት አፍ መክፈት ያስፈልጋል።

የባሰው ግን የመምህራኑ ስብሰባ ነበር። በዚያ ዘመን በየሳምንቱ የውይይት ክበብ አለ፤ ሲከፈትም ሲዘጋም ግራ እጅ ተነሥቶ መፈክር ይባላል። እኔ ግራ እጄን አነሣለሁ፣ ቀኝ እጄ አፌ ላይ ነው። ወር ሁለት ወር ታለፈልኝና አንድ ቀን በሂስ ሰዓት ሰብሳቢው፣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፣ ስሜን ጠራ።

«ጓዲት፣ መፈክር ስንል አፍሽን እንደምትሸፍኚ ጓዶች አስተውለዋል። ዝምታም አቋም ነው።»

በእነዚያ ዓመታት እንዲህ ያለ ቃል ከተነገረበት ሰው ጎን የተቀመጡ ሰዎች ወንበራቸውን ፈቀቅ ያደርጋሉ። አደረጉ። እንደ ምንም ጥርሴን አሞኝ ነው አልሁ። ሰብሳቢው የሚያም ነገር ይታያል፣ ነይና አሳዪን አለኝ። አርባ ሰው ፊት ወጥቼ አፌን ከፈትሁ። እስክሪብቶውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ፊቱን ወዲያው መለሰ።

«ይኸስ አቋም አይደለም፤ ጥርስ ነው» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከእኔ የራቁት ሰዎችም ሳቁ፤ ከሁሉም አብልጠው ሳቁ። ያም ሆኖ ሰብሳቢው እዚያው ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ያለዚያ ደብዳቤ መቼም አልሄድም ነበር።

ሆስፒታል አጎቴ ይዘውኝ ሄዱ። ካርድ ለማውጣት አንድ ቀን፣ ለመታየት አንድ ቀን ጠበቅን። ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው፤ አንዱ ሲነሣ ሁላችንም ወደ ግድግዳው እንዘነብላለን፣ በዚያ ሁሉ ሕመም መሀል ሰው ይስቅ ነበር። የጥርስ ክፍሉ ድሬሰር በር ላይ አፌን አይቶ አራቱም ተነቅለው እገላገል ዘንድ ፈረደ። ውስጥ ያለችው ሐኪም ግን ከውጭ አገር ለሥራ የመጣች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ነበረች። እንግሊዝኛዋ የተሰባበረ ነው፤ ድሬሰሩ ይተረጉምላታል። እኔ ራሴ እንግሊዝኛ ብችልም አንድ ቃል አልተነፈስሁም።

በትንሽ መዶሻ እያንዳንዱን ጥርስ እየነካካች መረመረችና፣ የተበላው ላያቸው ነው፣ ሥሮቻቸው ደህና ናቸው አለች። መንቀል አያስፈልግም፤ ይሸፈናሉ። ከዚያ የተቃጠለውን ድዴን በጣቷ እየነካች ይህን ማን ነው ያደረገው ብላ ጠየቀች።

አጎቴ አጠገቤ ቆመዋል፤ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«እኔ ነኝ፣ በባትሪ ውሃ» አልሁ።

ሥራዬን ጠየቀች፣ አስተማሪ አልኋት። የምን? አለች፤ የኬሚስትሪ አልኋት። ድሬሰሩ እስኪበቃው ሳቀና ወደ ኮሪደሩ ዞሮ፣ «ኑ ስሙ ጎበዝ፣ ኬሚስትሪ አስተማሪ ናት፤ ጥርሷን በባትሪ ውሃ ያጠበችው» አለ። ሐኪሟ አልሳቀችም። ያልተማረ ሰው ቢያደርገው ይገባኛል፣ አንቺ ግን ታውቂ ነበር አለችኝ። አጎቴ ባርኔጣቸውን ያያሉ። በመንገድ ላይም፣ ቤትም ገብተን፣ አንድም ቀን ነገሩን አላነሡትም።

የተደረገልኝን ሕክምና ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልግለጽ። የአንዱ መንጋጋ የሞተው ነርቭ ወጥቶ ሥሩ ተደፈነ። ሦስቱ ጥርሶች ዙሪያቸውን ተሞርደው ጉቶ ሆኑ፤ በእነሱ ላይ እንደ ቆብ የሚጠልቅ ብረት ይሠራላቸዋል። ሐኪሟ «ክራውን» ትለዋለች፣ ድሬሰሩ «ቆብ» ይለዋል። አራተኛው ብዙ ስላልተጎዳ የሚያኝክበት ላዩ ብቻ ተስተካክሎ በክዳን ይሸፈናል፤ ይህኛው «ኦንሌይ» ይባላል። የጥርሶቼ ቅርጽ በሚለጠጥ ነገር ተነሥቶ በጄሶ ከተቀዳ በኋላ አዲስ አበባ ይላካል፤ ብረቱ እዚያ ተሠርቶ ይመጣል። ሐኪሟ መጀመሪያ ነርቩ የወጣው መንጋጋ ቆብ ብቻ እንዲሠራ አዘዘች። እሱ እስኪመጣ ሰባት ሳምንት አጥሚትና የራሰ ዳቦ ብቻ ዋጥሁ።

በመሀሉ እናቴ ከቁንዝላ መጣች። የተሞረዱትን ጉቶዎች አይታ አለቀሰች፤ ከዚያ ተቆጣች። «አፍሽን ብረት አስሞልተሽ ማን ያገባሻል? አስነቅለሽ ብትገላገዪስ?» አለችኝ። ለአጎቴ ደግሞ ያን ጊዜ ባያስታግሱልኝ ኖሮ ልጄ አብዳ ነበር ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ጎነበሰች። አጎቴ በትከሻዋ ይዘው አነሡዋት። እኔም አጥሚቴን አነሣሁ።

ቆቡ መጣ። አሁን የምናገረውን ጥርሱን የሚያሠራ ሁሉ ልብ ይበልልኝ። ሐኪም ቆብ ሲያጠልቅ ልኩን የሚያውቀው በእጁ ብቻ አይደለም። እንደ መተየቢያ ካርቦን ያለ ቀጭን ወረቀት ያስነክሳል፤ ቀለም የነካውን ይሞርዳል፤ ከዚያ ስትገጥሚው ይጎረብጥሻል ወይ ብሎ ይጠይቃል። የመጨረሻውን የሚያውቀው አፉን የገጠመው ሰው ነው። ሐኪሟ ጠየቀችኝ። ስገጥመው ያ ጥርስ ከሌሎቹ ቀድሞ ነካ፤ የፀጉር ውፍረት ያህል ከፍ ብሏል። ይህን ልናገር ሳስብ ድሬሰሩ በሩን አየት አድርጎ፣ ኮሪደሩ ሙሉ ነውና፣ «ደህና ነው ብላለች» አላት በእንግሊዝኛ። እሱ ለሁሉም ሰው እንዲህ እየመለሰ ነው ሰልፉን የሚያስኬደው። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች።

«ደህና?» አለችኝ፣ ከምታውቃቸው ጥቂት የአማርኛ ቃላት አንዱን መርጣ።

ሰባት ሳምንት ለእኔ የደከመች ሴት ናት። «ደህና ነው» አልሁ።

በሲሚንቶ አጣበቀችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አፌን በገጠምሁ ቁጥር የመንጋጋዬ ጉልበት በሙሉ የሚያርፈው በዚያ በአንድ ጥርስ ላይ ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ ማመም ጀመረ። ተመልሼ መናገር ነበረብኝ፤ ግን ደህና ነው ያልሁት እኔ ነኝ፣ በየት ዓይኔ ልያት? ሲለምድ ይሻለኛል እያልሁ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ሌሊት እንዳልነክስበት አፌን ከፍቼ እተኛለሁ፤ ምራቄ ትራሱን ያርሰዋል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ሌሊቱ ነበር፤ ጥርሱ እንደ ልብ ይመታል። በመጨረሻ ጉንጬ አብጦ፣ ትኩሳት ይዞኝ፣ መናገር ሳያስፈልገኝ ሐኪሟ ፊት ቀረብሁ።

ሥሩ መግል ቋጥሯል፤ አጥንቱንም ነክቶታል። የሚድን አልነበረም። ማደንዘዣው ባበጠ ድድ ላይ አልሠራም፤ ድሬሰሩ ጭንቅላቴን በደረቱ አጣብቆ ያዘኝና ነቀለችው። ከነቆቡ ወጣ። የሚያበራው ብረት ከላይ፣ ደም የነካው ሥር ከታች። በጥጥ ላይ አድርጋ ሰጠችኝ።

«ደህና ብለሽኝ ነበር» አለችኝ በአማርኛ። ለካ ያቺን ታህል አጥንታለች።

ቤት ገብቼ ጥጡን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። እናቴ ገና ወደ ቁንዝላ አልተመለሰችም ነበር፤ አጎቴም እራት ላይ ናቸው። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፤ ጥጥ በሞላ አፌ፣ ቃሉ ግን ሲሰማ፣ ጥርሴን ያበላሸው የእርስዎ የባትሪ ውሃ ነው አልኋቸው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አጎቴ ጉርሻቸውን ወደ ሳህኑ መለሱ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ሐኪሟ ያን ቀን ስትናገር ነው ያወቅሁት። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሲመጣብኝ ውሃው አልቋል እላለሁ። እኔ ሾፌር ነኝ፤ ያየሁትን አደረግሁ። አንቺ ግን ተምረሽዋል። እያወቅሽ አፍሽን ለምን ከፈትሽ?»

ተነሥተው ወጡ። ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት እየኖርን ከ«እንደምን አደርሽ» ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። እናቴ በማግሥቱ በጀልባ ስትሄድ ወንድሜን ገደልሽው አለችኝ።

የቀሩት ሁለት ቆቦችና ክዳኑ ከአዲስ አበባ የደረሱት ሐኪሟ ውሏ አልቆ አገሯ ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት ነው። ተተኪ ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በማግሥቱ እስከ ስድስት ሰዓት ሠርታ ከቀትር በኋላ በአውሮፕላን ትሄዳለች ተባለ። ይህን የሰማ ሁሉ በዚያን ቀን ከጧት ጀምሮ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ከእኔ ቀጥሎ ተራ የያዘችው ከዘንዘልማ የመጣች ገበሬ ሴት ነበረች። ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ሊዘጋው ምንም አልቀረው፤ በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች። እህል ከቀመሰች አምስተኛ ቀኗ እንደሆነ፣ ዶሮ ሳይጮኽ ከቤቷ እንደወጣች ነገረችኝ። ስጠራ ነጠላዬ ሊወድቅ ሲል ትከሻዬ ላይ መለሰችልኝ።

ሁለቱ ቆቦች ያለ ችግር ገቡ። ክዳኑ ሲቀመጥ ግን እንደዚያኛው ቀድሞ ነካኝ። ሐኪሟ ጠየቀችኝ።

«ከፍ ብሏል» አልሁ።

ሞረደች፣ ወረቀቱን አስነከሰችኝ፣ ጠየቀች። አሁንም ከፍ ብሏል አልሁ። ድሬሰሩ ተነፈሰ። ለሁለተኛ ጊዜ ሞረደች። ዐሥር ጊዜ አፌን ገጠምሁና ከፈትሁ፤ አሁንም አንድ ጥግ ላይ ይነካል። አልተስተካከለም አልሁ። ከውጭ በሩን ይመታሉ። ድሬሰሩ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ ይቺ ሴትዮ አውሮፕላን አለባት፣ እዚህ ልታድሪ ነው ወይ አለኝ። ሐኪሟ ሰዓቷን አየች፤ ፊቷ ላይ ድካም እንጂ ደግነት አልነበረም። ሦስተኛ ጊዜ ሞርዳ አፌን በጥጥ ሞላችውና ሲሚንቶውን ለመበጥበጥ ዞረች።

«ደህና ነው ብላለች» አላት ድሬሰሩ።

ጥጡን በጣቴ አወጣሁ።

«እኔ አላልሁም» አልሁ፤ ቀጥዬም በራሴ እንግሊዝኛ ደገምሁላት።

ሐኪሟ የበጠበጠችውን ሲሚንቶ አይታ ወደ ቆሻሻው ጣለችው። እንደገና ወረቀቱን አነሣች። ለአራተኛ ጊዜ ከሞረደች በኋላ አፌን ስገጥም ጥርሶቼ ሁሉ እኩል ተገናኙ። ከአንድ ዓመት ወዲህ እንዲህ ተገናኝተው አያውቁም። አሁን ደህና ነው አልኋት፤ አጣበቀችው። ስነሣ ጓንቷን አወለቀች፤ ድሬሰሩም በሩን ከፍቶ ሰዓት አልቋል፣ ሐኪም የለም ብሎ ተናገረ።

ኮሪደሩ ተንጫጫ፤ አንዳንዱ እኔን አየ። በሩ ተዘግቶ ያን ያህል ጊዜ የወሰድሁት እኔ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። የዘንዘልማዋ ሴት ከወንበሩ ተነሥታ አጠገቤ ቆመች።

«ላንቺስ ሆነልሽ?» አለችኝ።

ዓይኗን ማየት አልቻልሁም። ቢሆንም፣ «አዎ፣ ሆነልኝ» አልኋት።

«እሰይ» አለች፤ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ወደ መንገዷ ወጣች። በማግሥቱ ነቃይ ፍለጋ ተመልሳ ይሁን፣ ከነሕመሟ ቤቷ ቀርታ ይሁን አላውቅም። እኔ ያን ቀን ማታ በቀኝ በኩል አኘክሁ።